ሊኑክስን ከመጫንዎ በፊት ፕሮግራሞቹን ይልመዱ

ሊኑክስን፣ ማለትም ዊንዶውስን የሚተካውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሞክረው የተመለሱ ሰዎችን «ምን አስመረራችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ስለ ሊኑክስ ራሱ የሚያማርር ብዙም አላጋጠመኝም። አንዱ ደብዳቤ ሲከፍት ሠንጠረዡ ገጽ ተሻግሮ ተበታትኖበታል። ሌላዋ ፎቶ አስተካክላ «አስቀምጥ» ካለች በኋላ ፎቶውን የትም አጥታዋለች። ሦስተኛው ከኢንተርኔት ያወረደውን የመጫኛ ፋይል ደጋግሞ ጠቅ ቢያደርገው ምንም አልመጣለትም። ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሥራ ነበር የጀመሩት፤ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መልመድና አዳዲስ ፕሮግራሞችን መልመድ። ሲደናበሩ ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ስላልቻሉ ጥፋቱ ሁሉ በሊኑክስ ተሳበበ።

ሁለቱን ሥራ መነጣጠል ይቻላል። ለጀማሪ የሚመከሩት ነጻ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዛሬ በያዙት ዊንዶውስ ወይም ማክ ላይም ይሠራሉ። ሊብረኦፊስ (ለቢሮ ሥራ)፣ ፋየርፎክስ (ብራውዘር)፣ ተንደርበርድ (ለኢሜይል)፣ ቪኤልሲ (ለፊልምና ሙዚቃ)፣ ጂምፕ (ለፎቶ)፣ ኢንክስኬፕ (ለአርማና ንድፍ)፣ ኦዳሲቲ (ለድምፅ)፣ ኪፓስኤክስሲ (ለይለፍ ቃል) ሁሉም እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ዲስክዎን ሳይነኩ፣ ምንም ሳያጠፉ፣ አንድ ሁለት ወር ይሥሩባቸው። ያልወደዱትን ይተዉት፤ የድሮው ፕሮግራም እዚያው አለ። ወደ ሊኑክስ የሚያልፉበት ቀን ሲደርስ ቤት ይቀይራሉ እንጂ ዕቃ አይቀይሩም።

ጉዳዩ ዛሬ ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልጎደላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች በይፋ ከመንገዱ ወጥተዋል። ባለቤቶቻቸው ስለ ሊኑክስ መጠየቅ የጀመሩት ወድደው ብቻ አይደለም።

«ነጻ» እና «በነጻ»

በአማርኛ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። «በነጻ» የተገኘ ነገር ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት ነው፤ «ነጻ» የሆነ ግን የሚያዝበት ጌታ የለውም። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ሁለተኛው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያስታውቅ መነሻው ይህ ነበር፤ ከዚያ ሐሳብ የወጡት አራት መብቶች ዛሬም መለኪያ ናቸው። ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማስኬድ፣ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማጥናትና መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የለወጡትንም እንዲሁ ማካፈል። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓቱን አስኳል አወጣ፤ የግኑ መሣሪያዎችና ይህ አስኳል ተገጣጥመው ነው ዛሬ በጅምላ ሊኑክስ የምንለው የተገኘው። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ በ1998 ተጨመረ። የሁለቱ ስያሜዎች ደጋፊዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ ለጀማሪ ግን ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው ያው ናቸው።

በነጻ የሚወርድ ሁሉ ነጻ አይደለም። ጉግል ክሮም ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ሙሉ ኮዱ ግን የተከፈተ አይደለም። ክሮሚየም የሚባለው ደግሞ ክሮም የተሠራበት፣ ኮዱ ክፍት የሆነው መሠረት ነው።

«እኔ ኮድ አላነብ፣ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልሱ የሚገኘው አንድ ኩባንያ ፕሮግራሙን ሲተው ወይም ሲሸጥ ነው። ሳን ማይክሮሲስተምስ ስታርኦፊስ የተባለውን የቢሮ ፕሮግራም በ1999 ገዝቶ ኮዱን ኦፕንኦፊስ በሚል ስም ከፈተው። በ2010 መጀመሪያ ሳንን ኦራክል ገዛው። የወደፊቱ ያሰጋቸው ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በዚያው ዓመት መስከረም ኮዱን ይዘው ወጡ፤ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት አቋቁመው ሥራውን ሊብረኦፊስ በሚል ስም ቀጠሉ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም፤ ፈቃዱ ቀድሞ ኮዱ ላይ ተጽፏል። ብሌንደር የተባለው የሦስት አቅጣጫ ምስል መሥሪያ ታሪክ እንዲያውም ይገርማል። ኩባንያው በ2002 ሲዘጋ መሥራቹ ቶን ሮዘንዳል ከተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ኮዱን ከአበዳሪዎች እጅ አውጥቶ ለሁሉ ክፍት አደረገው። ዛሬ ፊልም ይሠራበታል። ኮድ የማያነበው ተጠቃሚ ያተረፈው፣ አሥር ዓመት የሠራበት ፋይል ከኩባንያው ጋር አብሮ አለመቀበሩን ነው።

ፕሮግራም ከየት ይመጣል?

የትኛው ፕሮግራም ይሻላል ከሚለው ይልቅ ለጀማሪ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ፕሮግራም ሲፈልግ ብራውዘር ይከፍታል፣ ስሙን ይፈልጋል፣ ከተገኘው ድረ ገጽ ፋይል አውርዶ ሁለቴ ጠቅ ያደርጋል። ሊኑክስ ላይ ይህን ልማድ መተው ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ዲስትሮ፣ ማለትም አስኳሉና ፕሮግራሞቹ ተቀናብረው የቀረቡበት ስሪት፣ የራሱ የፕሮግራም ቋት አለው። ቋቱ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች የዲስትሮው ሰዎች ከኮዱ ገንብተው ያዘጋጇቸው ናቸው፤ ማረጋገጫ ዲጂታል ፊርማም አላቸው። ስልክዎ ላይ የለመዱት የመተግበሪያ መደብር ዓይነት ነው። እንዲያውም ቀዳሚው ይህ ነው፤ የአፕል መደብር በ2008 ሲከፈት ዴቢያን የሚባለው ዲስትሮ አፕት የተባለውን የፕሮግራም ማምጫ ከያዘ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር።

መደብሩን በመስኮት መክፈት ይቻላል፤ ዲስትሮው እንደሚለያይ ስሙም ይለያያል። ሆኖም አንዴ በጥቁሩ መስኮት፣ በተርሚናል፣ ቢሞክሩት አሠራሩ ወለል ብሎ ይታያል። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት በሚባሉት ዲስትሮዎች ላይ የሚጻፉት አራት ቃላት ናቸው፤ በላቲን ፊደል ይጻፉ እንጂ ሲነበቡ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ» ይላሉ። «ሱዶ» የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፤ «አፕት» ከቋቱ የሚያመጣው ሠራተኛ ነው፤ «ኢንስቶል» ትእዛዙ ነው፤ የመጨረሻው የሚፈልጉት ፕሮግራም ስም። ኢንተር ሲጫኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ በብዙ ዲስትሮዎች ቃሉን ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይምና ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም። ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ከዚያ ቪኤልሲ አብረውት እንዲገቡ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ዘርዝሮ፣ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ነግሮ፣ ልቀጥል ወይ ይላል። እርስዎ ሲስማሙ ብቻ ይጀምራል። በሌላ ቀን ሁሉንም ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ማደስ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ብቅ እያለ «አድሰኝ» የሚልበት ጊዜ ያበቃል።

የቋቱ ድክመት የሚመጣው ከጥንካሬው ነው። የረጋ እንዲሆን ስለሚፈለግ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ስሪት ወደኋላ የቀረ ነው። ለዚህ ፍላትፓክ የሚባል ሌላ የማሸጊያ ዘዴ መጣ፤ ትልቁ መደብሩ ፍላትሀብ ይባላል። የፍላትፓክ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዞ ስለሚመጣ በየትኛውም ዲስትሮ ላይ ይሠራል፣ አዲስም ነው፤ በዚያው ልክ ብዙ ቦታ ይይዛል። በተጨማሪ ከቀረው ሥርዓት በአጥር የተከለለ ነው። አጥሩ ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ ጀማሪን ግራ ያጋባል፤ ፕሮግራሙ በውጭ ዲስክ ያለ ፎልደርን «አላየሁም» ሊል ይችላል። ፍላትሲል የተባለች ትንሽ ፕሮግራም የትኛው ፕሮግራም የት እንዲገባ እንደተፈቀደለት ታሳያለች፣ ታስለውጣለችም። ኡቡንቱ ስናፕ የሚባል የራሱ ተመሳሳይ ዘዴ አለው፤ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ስናፕን ሆን ብሎ ዘግቶታል። ጠባቸው የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።

መደብሩ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሁለቴ ቢያዩ ግን ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንዱ ከዲስትሮው ቋት፣ ሌላው ከፍላትሀብ ነው። የእኔ ልማድ የዲስትሮውን ማስቀደም ነው፤ የጎደለ አዲስ ነገር ሳገኝ ብቻ ወደ ፍላትፓኩ እሄዳለሁ። ፍላትሀብ ላይ ነጻ ያልሆኑም ስላሉ ገጹ ላይ የተጻፈውን ፈቃድ ማየት አይጎዳም።

የዲስትሮ ምርጫ ራሱን የቻለ ክርክር አለው፤ እኔ ጀማሪን ወደ ሊኑክስ ሚንት ነው የምልከው። የተሠራው ከኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ስሪት ላይ ነው፤ እነዚህ ስሪቶች በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ ወጥተው አምስት ዓመት ይደገፋሉ። ሚንት ሲጫን ፋየርፎክስን፣ ሊብረኦፊስን፣ ተንደርበርድንና ሥርዓቱን ወደነበረበት የሚመልሰውን ታይምሺፍትን ይዞ ነው የሚመጣው። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሊብረኦፊስና የተበታተነው ደብዳቤ

ራይተር ለጽሑፍ፣ ካልክ ለሠንጠረዥ ስሌት፣ ኢምፕረስ ለስላይድ ነው። ሌሎቹ ክፍሎቹ መጀመሪያ ላይ አያስፈልጉም። መልኩ አሮጌ ከመሰለዎት «ቪው» በሚለው ምናሌ ሥር «ዩዘር ኢንተርፌስ» ውስጥ ገብተው «ታብድ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዎርድ ጋር የሚቀራረብ መልክ ይይዛል።

አሁን ወደዚያ ደብዳቤ እንመለስ። በዎርድ የተጻፈ ሁለት ገጽ ሰነድ ነው። በሊኑክስ ሲከፈት ሦስት ገጽ ይሆናል፤ የመጨረሻው ፊርማ ብቻውን ሦስተኛው ገጽ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሠንጠረዡ መሐል ላይ ይቆረጣል። ሰው ሁሉ «ሊብረኦፊስ አበላሸው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው የፊደሉ ቅርጽ፣ ፎንቱ ነው። ሰነዱ የተጻፈው ካሊብሪ በሚባለው ፎንት ነው እንበል። ካሊብሪ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ሊኑክስ ይዞት አይመጣም። ፕሮግራሙ ያጣውን ፎንት በሌላ ይተካል፤ ተተኪው በእያንዳንዱ ፊደል ላይ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ሰፋ ካለ፣ በመስመሩ መጨረሻ ላይ የነበረው ቃል አይበቃውምና ወደ ታች ይወርዳል። ያ ቃል መስመር ይጨምራል፤ በሁለት ገጽ ውስጥ አሥር መስመር ከተጨመረ ፊርማው ሦስተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ካርሊቶ የተባለው ነጻ ፎንት እያንዳንዱ ፊደሉ ከካሊብሪ ጋር እኩል ስፋት እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ካላዴያ ለካምብሪያ፣ ሊበሬሽን የሚባሉት ደግሞ ለታይምስ ኒው ሮማን፣ ለኤሪያልና ለኩሪየር ኒው እንዲሁ ናቸው። መልካቸው ትንሽ ይለያል፣ መስመሩ ግን በነበረበት ይሰበራል። ከዲስትሮው ቋት ይጫኗቸውና ሰነዱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ፊርማው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲመለስ ማየት ደስ ይላል።

ፋይል ሲለዋወጡም ልማድ ያስፈልጋል። ተቀባዩ የሚያነብ ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ ይላኩ። ተቀባዩ የሚያርመው ከሆነ በዎርድ ዓይነት ያስቀምጡት። ለራስዎ የሚቀረውን ዋናውን ግን በኦዲቲ፣ በሊብረኦፊስ የራሱ ዓይነት ይያዙት፤ ይህ የፋይል ዓይነት ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሰጠው ነው። ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር ደግሞ አለች። ሊብረኦፊስ ፒዲኤፍ ሲያወጣ «ሃይብሪድ» የሚል ምርጫ ይሰጣል፤ እሱን ከመረጡ ዋናው ሰነድ ፒዲኤፉ ሆድ ውስጥ አብሮ ይገባል። ሌላው ሰው ተራ ፒዲኤፍ ያያል፤ እርስዎ በሊብረኦፊስ ሲከፍቱት ያርሙታል።

ያልተፈታ ችግርም አለ። ሥራዎ በኤክሴል ማክሮ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ማለትም ሠንጠረዡ ውስጥ ሌላ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ካለ፣ ካልክ የሚያስኬደው በከፊል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ እንዲጭን አልመክርም። ጎን ለጎን ይያዛቸው። መልኩ ለማይክሮሶፍት ኦፊስ እጅግ የቀረበ ነገር የሚፈልግ ኦንሊኦፊስን ይሞክር፤ እሱም ኮዱ ክፍት ነው።

ምስል፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ

ጂምፕ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፤ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ጀመሩት። ስሪት 3.0 በማርች 2025 ወጥቷል፤ ከቀድሞው 2.10 በኋላ ሰባት ዓመት ግድም ያስጠበቀ ነው። ዋናው ለውጡ ማጣሪያዎችን ምስሉ ላይ ከጨመሩ በኋላም መልሶ ማስተካከል ወይም ማንሳት መቻሉ ነው። ድሮ አንዴ ያደበዘዙት ፎቶ ደብዝዞ ነበር የሚቀረው።

ፎቶዋን የት እንዳስቀመጠች ያጣችው ሴት የወደቀችበት ጉድጓድ ይኸውና። ጂምፕ ላይ «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ የሚያስቀምጠው በጂምፕ የራሱ ዓይነት፣ ኤክስሲኤፍ በሚባለው ብቻ ነው። የምስሉ ንብርብሮች ሁሉ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ስልክም ሆነ ድረ ገጽ ግን በአብዛኛው አይከፍተውም። ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ የሚገኘው «ኤክስፖርት» በሚለው ነው። መለያየቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናድዳል። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ዋናውን ሥራዬን በጄፔግ ደርቤበት ንብርብሮቹን ከማጥፋት እንዳዳነኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የጀማሪ ትልቁ ስህተት ጂምፕን ለሁሉም ሥራ መጠቀም ነው። ፎቶ ለማስተካከል ጂምፕ ጥሩ ነው። በእጅ ለመሣል ክሪታ ይበልጠዋል፤ ብሩሾቹ የሠዓሊ ናቸው። አርማ፣ ፖስተር፣ ንድፍ ለመሥራት ኢንክስኬፕ ነው። ጂምፕ ምስልን እንደ ሞዛይክ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይይዛል፤ ሲያሳድጉት ነጠብጣቡ ይጎላል። ኢንክስኬፕ ግን «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ መስመር፣ በዚህ ቀለም» እያለ በሒሳብ ይይዘዋል። ስለዚህ በጥፍር ልክ የሠሩት አርማ ሕንፃ ላይ ቢሰቀል ጠርዙ ጥርት እንዳለ ይቀራል። በትልልቅ ካሜራዎች ያልተቀነባበረ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ዳርክቴብልን ይመልከት።

ፊልምና ሙዚቃ ለማየት ለመስማት ቪኤልሲ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በ1996 በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ተጀምሮ በ2001 ኮዱ ተከፈተ። ብርቱካንማው የትራፊክ ሾጣጣ አርማው ተማሪዎቹ ይሰበስቧቸው ከነበሩ የመንገድ ሾጣጣዎች የመጣ ነው። ኡቡንቱን ሲጭኑ ለተጨማሪ የድምፅና የቪዲዮ ዓይነቶች ድጋፍ ይጫን ወይ የሚል ምርጫ ይመጣል፤ ምልክት ያድርጉበት። ድምፅ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ኦዳሲቲ፣ ቪዲዮ ለማቀናበር ኬደንላይቭ፣ ስክሪን ለመቅዳትና በቀጥታ ለማስተላለፍ ኦቢኤስ ስቱዲዮ። ሦስቱም በሙያተኛ እጅ ያሉ ናቸው፤ ከዚህ በላይ አላወራባቸውም።

ብራውዘር፣ የይለፍ ቃል፣ ፊደል

ፋየርፎክስ አብዛኞቹ ዲስትሮዎች ላይ ተጭኖ ይመጣል። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ይጨምሩበት፤ ሙሉ አቅሙ አሁንም ፋየርፎክስ ላይ ይሠራል፣ ክሮም ግን የተጨማሪ መሣሪያዎችን ደንብ ከለወጠ ወዲህ አይቀበለውም። ከድሮው ብራውዘርዎ ዕልባቶቹንና የይለፍ ቃሎቹን ፋየርፎክስ ራሱ ያስገባልዎታል፤ ይህንን በድሮው ኮምፒውተር ላይ ሳሉ ቢጨርሱት ይቀላል።

የይለፍ ቃል ለመያዝ ኪፓስኤክስሲን እመርጣለሁ። ቃሎቹን ሁሉ በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ይዘጋል፤ ፋይሉ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። የማንም ኩባንያ አገልጋይ የለበትም፤ ስለዚህ ዋናውን ቃል ከረሱ የሚደውሉለት ሰውም የለም። ወረቀት ላይ ጽፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አያሳፍርም።

በግእዝ ፊደል ለመጻፍ አይባስ የተባለው የጽሑፍ ማስገቢያና ኤም17ኤን የተባለው ተጨማሪው ይጫናሉ። ከዚያ በኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ «አማርኛ፣ ሴራ» የሚለው ይገኛል፤ በላቲን ቁልፎች ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲነኩ «ሰላም» ይወጣል። ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ከቋቱ ይጫን።

ታይምሺፍት ፎቶዎን አያድንም

ይህን ክፍል ለብቻው ያወጣሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። ታይምሺፍት የሥርዓቱን ቅጂ እንደ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ፕሮግራም ነው፤ ዝማኔ አንድ ነገር ቢያበላሽ ኮምፒውተሩን ትናንት ወደነበረበት ይመልሰዋል። በየቀኑ እያነሳ ስለነበር ልቤ ተደላድሎ ተቀምጬ ነበር። ዲስኩ ሲሞት ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ታይምሺፍት እንደተጫነ ከተተወ የግል ፎልደርዎን አይነካም፤ ሥራው ሥርዓቱን እንጂ ሰነድዎን ማዳን አይደለም። ሁለተኛ፣ እኔ የሥርዓቱን ቅጂዎች ያስቀመጥኩት እዚያው የሞተው ዲስክ ላይ ነበር።

ለግል ፋይል ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ዴዣ ዱፕ ቀላሉ ነው፤ የትኛው ፎልደር፣ ወደ የት፣ በየስንት ጊዜ ብሎ ጠይቆ ሥራውን ይጀምራል። ቅጂው የሚሄደው ወደ ውጭ ዲስክ ይሁን። አንድ ጊዜም አንድ ፋይል ሆን ብለው ያጥፉና ከቅጂው መመለስ መቻልዎን ይሞክሩ፤ ያልተሞከረ ቅጂ ላይ መተማመን ምን እንደሚመስል ከላይ ነግሬዎታለሁ።

የለመዱት ፕሮግራም ምትክ ባይኖረውስ?

ዋይን የሚባለው ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 በእሱ ላይ ተመርኩዞ ያወጣው ፕሮቶን ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ አስኬዷል። ለአንዲት አሮጌ፣ ምትክ ለሌላት ፕሮግራም ዋይን ደግ ነው። ከዋይን መጀመር ግን አይገባም፤ ሁሉን ነገር በእሱ ለማስኬድ ከፈለጉ የሚፈልጉት ዊንዶውስን ነው፣ እሱም አለልዎት። ፎቶሾፕን ወይም አውቶካድን ለእንጀራው የሚጠቀም ሰው «ምትኩ ይኸውልህ» የሚለውን ሁሉ አይመን። ለአውቶካድ ምትክ የሚባለው ፍሪካድ ስሪት 1.0 ላይ የደረሰው በ2024 መጨረሻ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ አውቶካድ ግን አይደለም።

እዚህ ያልተጠቀሰ ፕሮግራም ሲያገኙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። የመጨረሻው ስሪት መቼ ወጣ? ፈቃዱ ምን ይላል? ከጀርባው ያለው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? ለአምስት ዓመት ያልታደሰ ፕሮግራም ቢሠራም እንኳ ዋና ሥራዎን አይጣሉበት። «የሊኑክስ ምርጥ 200 ፕሮግራሞች» የሚል ዝርዝር ሲያዩ ደግሞ ይለፉት። እኔ በመጀመሪያው ወር አራት የጽሑፍ ማረሚያ ጭኜ ነበር፤ ምን እንደምጽፍባቸው ግን አላውቅም ነበር።

ወሩ አልፎ ፕሮግራሞቹን ከለመዱ በኋላ የሚቀረው ፍላሽ ዲስክ ነው። የሊኑክስ ሚንትን ፋይል አውርደው ባሌና ኤቸር በተባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ይጻፉት (ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ይሁን)፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱት። እንዲህ የተነሳ ሊኑክስ «ጫን» ካላሉት በቀር ዲስክዎ ላይ አይጫንም። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፅ ይሰማል? አታሚው ይታያል? ከዚያ ከሰነዶችዎ ሁሉ አስቸጋሪውን፣ ሠንጠረዥ የበዛበትን፣ ይምረጡና ቅጂውን በሌላ ፍላሽ አምጥተው በሊብረኦፊስ ይክፈቱት። ፊርማው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይዩ። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን ዘግተው ፍላሹን ይንቀሉ፤ ሲያበሩት የድሮው ዊንዶውስ እንደተዉት ይጠብቅዎታል።